ሽንኩርቱን ሳያዩ መርጨት ገበሬውን አያድንም፦ ለአንድ የተሰራጨ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ አለ። ስለ ሰሜን ሸዋ ገበሬና ስለ ፀረ ተባይ የሚያወራ ነው። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደረሰኝ። ከላኩልኝ ውስጥ ሽንኩርት አምራቾች አሉ፣ ግብርና የሚማሩ ልጆችም አሉ። አንዳንዶቹ «እውነቱን ነው» ብለው ጨምረውበታል። በሰብል ጥበቃ ሙያ ውስጥ ስላለሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። ተባይ በየዓመቱ እየበረታ ስለሆነ ገበሬው ምልክት ሳይጠብቅ በየሳምንቱ መርጨት አለበት ይላሉ። የተቀናጀ የተባይ መከላከል የሚባለው ነገር (ፈረቃን፣ ዝርያንና ሌላ ዘዴን አጣምሮ መድኃኒትን በመጨረሻ የሚያመጣው አሠራር) መንግሥት ለሚደጉመው የአውሮፓ ገበሬ የሚሆን ቅንጦት ነው፤ ስሪላንካም ኬሚካል ከልክላ ምን እንደደረሰባት አይተናል ይላሉ። አመድ፣ ኒምና በእጅ መልቀም የአያቶች ተረት ናቸው፤ አንበጣና መጤ ተምች ሲመጡ የደረሰልን መድኃኒት ነው ባይ ናቸው። መድኃኒት ሰው ጎዳ ከተባለም ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው። በመጨረሻም፣ ማሳ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ ስለሌለ ገበሬው የመድኃኒት ሻጩን ምክር ቢሰማ ይሻለዋል ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉን የጻፉት ለገበሬው ተቆርቁረው እንደሆነ ያስታውቃል። ኪሳራውም እውነት ነው። ዘርና ማዳበሪያ በብድር ገዝቶ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተከራይቶ፣ ነዳጅ ገዝቶ የተከለው ሽንኩርት ዓይኑ እያየ ሲደርቅበት «ጠብቅ፣ አስተውል» የሚለውን ሰው መስማት ለማንም ይከብዳል። ይህን አልክድም። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ግን ያንኑ ገበሬ ይበልጥ ያከስረዋል።

በየሳምንቱ ይረጭ ከሚለው ልጀምር፤ ዋናው ስህተት ያለው እዚያ ነው።

የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት እንውሰድ። ዋናው ጠላቱ ትሪፕስ የሚባል ደቃቅ ተባይ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ ለሚያይ ቅጠሉ ብርማ ቡራቡሬ ሆኖ፣ ጫፉ ጠውልጎ ይታያል። ተባዩ ግን አይታይም። ለማግኘት አንድ ተክል ይዞ መሐል ያሉትን ለጋ ቅጠሎች ከአንገቱ ላይ ፈልቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ቅጠሎቹ በሚገናኙበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታክል ፈዛዛ ቢጫ ነገር ስትሯሯጥ ትታያለች። አጠገቧ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ኩሷ ነው። ይቺ ገና ያላደገችው ናት። እንቁላሉ ደግሞ ያለው ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ነው። ክንፍ ከማውጣቷ በፊት ያለውን የመጨረሻ ጊዜ በአብዛኛው የምታሳልፈው አፈር ውስጥ ነው። ታዲያ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት ማንን ያገኛል? ቅጠሉ ላይ የወጡትን የተወሰኑትን። ከእነሱ ጋር ደግሞ ትሪፕስ እየበሉ የሚኖሩትን ሸረሪቶችና ጢንዚዛዎች። እነዚህ የሚደበቁበት ስንጥቅ የላቸውም።

ከርጭቱ የተረፉት ትሪፕሶች ይራባሉ። በቆላው ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ነፍሳት ለመድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃቸዋል። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ይደራረባል። መድኃኒቱን የቻሉት ልጆቻቸውም ይችሉታል። ገበሬው «ይሄኛው አልሠራም» ብሎ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። ችግሩ አዲሱ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው። ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን ሦስቱም ፓይሬትሮይድ የሚባል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ነፍሳቱን የሚመቱት በአንድ መንገድ ነው። አንዱን የለመደ ትሪፕስ ሌላውንም በአብዛኛው ይለምደዋል። ገበሬው ሦስት ጊዜ ከፍሎ አንዱኑ መድኃኒት ገዛ ማለት ነው።

ከዚያ መቀላቀል ይመጣል። ይህን ቆላው ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የጀርባ መርጫው ወንዝ ዳር ይቀመጣል። ከአንዱ ጠርሙስ ሁለት ክዳን፣ ከሌላው አንድ ክዳን፣ ለፈንገስ ተብሎ ከፓኮ የወጣ ዱቄት በእፍኝ። በእንጨት ይማሰላል፣ አንዳንዴ በእጅ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ የሚያውቅ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ክዳኑ አንድ ይጨምራል። «የነብርን ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም» እንደተባለው፣ በየሳምንቱ መርጨት የጀመረ ሰው ለማቆም ይፈራል። የሚያቆምበት ምክንያትም አይታየውም፤ ባላየው ተባይ ላይ ስለሚረጭ መቼ እንደቀነሰ አያውቅም።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ሱዳን ውስጥ በገዚራ የጥጥ እርሻ ርጭቱ ከጥቂት ተነስቶ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአንድ የምርት ወቅት ወደ 9 ገደማ ደርሶ ነበር። ውጤቱ ነጭ ዝንብ የምትባለው፣ ቀድሞ ያን ያህል የማታሳስብ ተባይ፣ ዋና ጠላት ሆና መውጣቷ ነው። ጠላቶቿን መድኃኒቱ ጨርሶላታል። ጥጡ በፈሳሿ እየተጣበቀ ገበያ ላይ ዋጋ አጣ። ርጭት ሲጨምር ተባይ ይቀንሳል የሚለው ሒሳብ እዚያ አልሠራም። ምንጃር ሽምብራ ላይ ባለው ጓይ ትልም ያው አደጋ አለ፤ ይህ ትል በብዙ አገር ፓይሬትሮይድን የተላመደ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በሳምንት አንድ ጠዋት ማሳው ውስጥ በተለያየ ቦታ ጥቂት ተክሎችን ፈልቅቆ መቁጠር። ብዙ አገር የሚሠራበት መመሪያ በአንድ ቅጠል በአማካይ ከ1 እስከ 3 ትሪፕስ ሲገኝ ነው መርጨት የሚለው። ከዚያ በታች ከሆነ መርጨት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መርጨት ካስፈለገም ባለፈው ከተረጨው የተለየ ቤተሰብ መምረጥ። ዩሪያ ማብዛት መተው፤ በናይትሮጅን የለመለመ ለጋ ቅጠል ትሪፕስን ይስባል። መስመሮቹ መሐል ገለባ ወይም ጭድ መጎዝጎዝ፤ ይህ ትሪፕስን እንደሚቀንስ በተለያዩ አገሮች ሙከራ ታይቷል። ማሳው ውኃ እንዳይጠማ ማድረግ፤ የተጠማ ሽንኩርት ለትሪፕስ ይብሳል። ሽንኩርት በሽንኩርት ላይ አለመደራረብ። ማሾ በሚታወቅበት አካባቢ ለፈረቃ የሚሆን ሰብል ጠፍቶ አይደለም።

ቅንጦት ነው ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ታሪኩ ከጸሐፊው ጋር አይስማማም። የተቀናጀ የተባይ መከላከል በሰፊው የተስፋፋው አንድ ሄክታር እንኳን የማይሞላ ማሳ ባላቸው የእስያ ሩዝ ገበሬዎች ዘንድ ነው። የኢንዶኔዥያ መንግሥት ለፀረ ተባይ ከባድ ድጎማ ይከፍል ነበር። ገበሬው በርካሽ አግኝቶ በገፍ ረጨ። የሩዙን ጭማቂ የምትመጥ አንዲት ቡናማ ነፍሳት ግን እየባሰች ሄደች፤ የሚበሏት ሸረሪቶች በመድኃኒቱ አልቀዋልና። እ.ኤ.አ. በ1986 መንግሥቱ ሩዝ ላይ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ ከለከለ። ድጎማውንም በጥቂት ዓመታት ውስጥ አነሳ። የሩዝ ምርቱ አልወደቀም፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ጨመረ። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ገበሬዎች ማሳቸው ላይ ተሰብስበው ነፍሳት እየቆጠሩ የሚማሩበት የመስክ ትምህርት ቤት ተስፋፋ። ይህን ያደረጉት የአውሮፓ ባለጠጎች አይደሉም።

አፍሪካም የራሷ ምሳሌ አላት። ካሳቫን ያጠፋ የነበረ፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዱቄት የለበሰ ተባይ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ብዙ አገር አዳረሰ። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሄረንና ባልደረቦቹ ፓራጓይ ውስጥ የተገኘች፣ ተባዩን ብቻ እየፈለገች እንቁላሏን ውስጡ የምትጥል ጥቃቅን ተርብ አራብተው ከ1981 ጀምሮ ከናይጄሪያ ተነስተው ለቀቁ። ተርቧ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተስፋፋች፤ ተባዩም ተገታ። ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙበት። የካሳቫው ገበሬ ለዚህ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም። ለድሃ ገበሬ ከዚህ የሚረክስ ምን አለ?

ስሪላንካን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን እውነት ይዘዋል። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ አካባቢ የታወጀው ክልከላ ጥፋት ነበር። ገበሬው ሳይዘጋጅ፣ ምትክ ሳይቀርብለት፣ በአንድ ጀንበር ማዳበሪያውም ፀረ ተባዩም አብረው ተከለከሉ። የሩዝና የሻይ ምርት ተመታ፤ መንግሥትም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ውሳኔውን ቀለበሰ። እኔም እንዲህ ያለ አዋጅ እዚህ ቢመጣ ከሚቃወሙት አንዱ ነኝ። ግን ይህ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። የተቀናጀ መከላከል ማዳበሪያ አይከለክልም። መድኃኒትም አይከለክልም፤ ቦታውን ወደ መጨረሻ ያዞረዋል እንጂ። የስሪላንካን ምሳሌ አምጥቶ በየሳምንቱ እንርጭ ማለት ካንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ መዝለል ነው።

የአያቶች ተረት የሚለው አባባል ግን አሳዝኖኛል።

አመድ ሁሉን ያድናል የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ኒምም ቢሆን ተአምር አይደለም። በፍሬው ውስጥ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ፀሐይ ላይ ቶሎ ይፈርሳል፤ እኩለ ቀን ላይ የረጨው ሰው ከንቱ ለፍቷል። ማታ የረጨው፣ ትሉም ገና ትንሽ ሆኖ ያገኘው ግን ይጠቀምበታል። ኒም ደግሞ ቆላ የሚወድ ዛፍ ነው። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ጤናማ ነው ማለትም አይደለም። ትምባሆ ዘፍዝፈው የሚረጩ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ ኒኮቲን ለሰውም ከባድ መርዝ ነው።

አያቶቻችን የሚያደርጉትን አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሽምብራ ወይም ባቄላ ሲያስቀምጡ ጤፍ ይቀላቅሉበታል። ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይበላውም። በእህሉ መሐል ያለውን ክፍተት ሲሞላው ደግሞ ነቀዟ መንቀሳቀሻም መራቢያም ቦታ ታጣለች። ሊጠቀሙበት ሲፈልጉ በወንፊት ይለያል። ዛሬ ፒክስ የሚባለው ከረጢት መነሻው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት ፕላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ የተሸመነ ከረጢት ከውጭ። አፉ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ነቀዞቹ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ መብላት ያቆማሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። ማሾና ሽምብራ ላይ የሚበተን ዱቄት መርዝ አያስፈልግም። ያ እህል እኮ ለልጆች ቆሎ ይሆናል።

መጤ ተምችም ቢሆን። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ በብዙ ቦታ ገበሬው በደቦ ወጥቶ በእጁ ለቅሟል። ጸሐፊው ይህን እንደ ኋላቀርነት ቆጥረውታል። እስቲ ሒሳቡን እንየው። የተምቹ እናት እንቁላሏን የምትጥለው ቅጠል ላይ በክምር ነው፤ አንዱ ክምር ብቻ ከ100 በላይ ሊሆን ይችላል። በጣት አንዴ መጭመቅ ያን ሁሉ ትል ከመፈልፈሉ በፊት ማጥፋት ነው። አድጎ በቆሎው ልብ ውስጥ የተሸጎጠን ትል ግን፣ ደጁን በኩሱ ስለሚዘጋ፣ በቀን የተረጨ መድኃኒት እምብዛም አያገኘውም። ሰፊ ማሳ ላይ በእጅ መልቀም ጉልበት ይበላል፣ ይህ እውነት ነው። ግማሽ ሄክታርና ከዚያ በታች ላለው ገበሬ ግን ከምንም የሚሻል መሣሪያ ነው።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው የሚያሸንፉበትን ልናገር። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የበረሃ አንበጣ ወደ ቆላው ወረዳዎቻችን ሲወርድ በጅራፍ፣ በጣሳና በጩኸት የሚመለስ አልነበረም። መርጨት ግድ ነበር። ያም ሆኖ በዚያው ዘመን ጎረቤታችን ሶማሊያ በርጭቱ ላይ በሰፊው የተጠቀመችው አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ ፈንገስ ያለበትን ሥነ ሕይወታዊ መድኃኒት ነው። ደጋው ላይ ባቄላን የፈጀው ቆርምድ የሚባለው በሽታ ሌላ ምሳሌ ነው። ፈረቃና ቅሪት ማስወገድ ይረዳሉ፤ ማሳው ከተያዘ ግን የፈንገስ መድኃኒት ያስፈልጋል። ሞረትና ጅሩ ስንዴ ላይ ዋግ ሲመጣም እንዲሁ። ግን በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቢጫ ዋጉ ኩብሳ የሚባለውን ዝርያ ሲመታ፣ ከዚያ በኋላ ለገበሬው ዘላቂ እፎይታ የሰጠው በሽታውን የሚቋቋም ሌላ ዝርያ መዝራት ነበር። ዝርያውም ለዘላለም አይቆይም፤ ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫውን ዋግ ችሎ በግንድ ዋግ ወደቀ። ስለዚህ ዝርያም፣ ፈረቃም፣ ርጭትም አብረው ይሄዳሉ። የተቀናጀ የተባለውም ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው የሚለው ክርክር መጀመሪያ ሲሰማ ልክ ይመስላል። ጓንት፣ ጭምብል፣ ረጅም ቦት፣ ቱታ ይልበስ ይባላል። እስቲ እኩለ ቀን ላይ ሸዋ ሮቢት ላይ ቱታና ጭምብል አድርጎ፣ ጀርባው ላይ ሙሉ መርጫ ተሸክሞ ግማሽ ሄክታር የሚዞር ሰው አስቡ። አይችልም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ያወጣው የፀረ ተባይ የሥነ ምግባር ደንብ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። መከላከያ ልብሱ የማይመች፣ ውድ ወይም በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ፣ በተለይ በሞቃት አካባቢ ላሉ አነስተኛ ገበሬዎች፣ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ማስወገድ ይገባል ይላል። ማለትም ሸክሙ ገበሬው ላይ ብቻ አይደለም። በእሱ ሁኔታ በደህና ሊረጭ የማይችለውን መርዝ ሸጦለት «በትክክል አልተጠቀምክም» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ሌላም አለ። ከርጭት በኋላ ሰብሉ ሳይነቀል መቆየት ያለበት ቀን ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። የሽንኩርት ዋጋ ድንገት ሲወጣና የነጋዴው አይሱዙ ማሳው ዳር ሲቆም ያን ቀን የሚቆጥር ማነው? ባዶው ጀሪካን ውኃ መቅጃ ይሆናል። የመርጫው እጣቢ ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይመለሳል። አበባ ላይ በቀን ሲረጭ የጎረቤት ቀፎ ባዶ ይቀራል፤ ንቧ ደግሞ ለማንም ሰብል የምትሠራ ናት። ይህ ሁሉ በሥልጠና ይሻሻላል፣ እስማማለሁ። ከሁሉ የሚበልጠው ማሻሻያ ግን አላስፈላጊውን ርጭት መቀነስ ነው። ያልተረጨ መርዝ ማንንም አይጎዳም።

የቀረው የመጨረሻው ነጥብ ነው፤ ባለሙያ የለም፣ ሻጩን ስማ የሚለው። ባለሙያ የሚያንስ መሆኑ እውነት ነው። የልማት ሠራተኛው ስንት ሥራ እንደሚደራረብበት፣ ትራንስፖርት እንደሌለውም አውቃለሁ። ከሻጮቹም መካከል ተምረው በሐቅ የሚሠሩ አሉ። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን መሸጥ ያለበት ሰው «ዛሬ አትርጭ» እንዲል መጠበቅ ከባድ ነው። ከገበሬው ማሳም አንዲት ቅጠል አላየም። ከዚህ ላይ በየገበያው በሃይላንድ እየተቀዳ፣ ያለ ስምና ያለ መመሪያ የሚሸጠው ይጨመርበታል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ አለ፤ ገበያ ቀን ወጥቶ የሚያይለት ነው የታጣው። ጸሐፊው ይህን ያህል ተሰሚነት ካላቸው፣ ጩኸታቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት እኔም አብሬያቸው እጮኻለሁ።

ባለሙያ እስኪበዛ ድረስ ገበሬው ራሱ ቆጣሪ መሆን ይችላል። ትሪፕስ ለመቁጠር ዲግሪ አያስፈልግም። ከቤተሰቡ አንድ የተማረ ልጅ፣ አንድ ነጭ ወረቀትና ከጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ተክሉን ወረቀቱ ላይ ማራገፍ፣ የወደቁትን መቁጠር፣ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ። ተጎራባች ማሳ ያላቸው አራት አምስት ገበሬዎች ተራ ቢገቡ ሥራው ይቀልላል። ወሬውም ቶሎ ይዛመታል፤ ትሪፕስ የማሳ ድንበር አያውቅምና።

ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው መስኖ ፈቃደኛ የሆነ አንድ የቀወት (የሸዋ ሮቢት አካባቢ ወረዳ) ገበሬ ማሳ ላይ ቦታውን ለሁለት እንክፈለው። የአንድ ቀን ዘር፣ ያው ችግኝ፣ ያው ውኃ። ግማሹ እርሳቸው እንዳሉት በየሳምንቱ ይረጭ። ግማሹ እየተቆጠረ፣ ሲያስፈልግ ብቻ ይረጭ። መሐሉ ላይ መድኃኒቱ እንዳይሻገር ጥቂት መስመር በቆሎ ይተከል። የእያንዳንዱ ጠርሙስ ዋጋ፣ የረጪው የቀን ሒሳብ፣ ከየግማሹ የወጣው ኩንታል ይጻፍ። ገበሬው እንዳይከስር ልዩነቱን እኛ ሁለታችን እንሸፍን። ደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ ሙከራውን እንዲያይልን መጠየቅ እንችላለን። ችግኝ ወደ ማሳ የሚዛወረው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ ከአሁኑ ገበሬውን ማነጋገር ይኖርብናል።